ቁራጮቹን ለምን ደበቀቻቸው?

«እሺ፣ ሴትየዋ ቁራጮቹን ለምንድነው የምትደብቃቸው?» አለች ሞዴል። መልሱ እንደወጣ ልትጽፈው አውራ ጣቶቿን ስልኳ ላይ ደቅናለች።

ቁልፌ አልቸኮለችም። በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል አውጥታ ጭኗ ላይ የተዘረጋው ሸሚዝ ላይ ሰካች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ከጣሳው ውስጥ ሌላ ቁልፍ መረጠች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ገና በስድስት ዓመቷ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ስለጀመረች። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም በሌላ ስም አይጠራትም።

«የጻፍሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» አለች።

«በናትሽ ሙድ አትያዢብኝ! ቅዳሜ የፊልሙ ንባብ ነው። ያቺ የድርጅቱ ገምጋሚ ደግሞ ለምን፣ ለምን፣ ለምን! ትናንት ብቻ አሥር ጊዜ ጠይቃኛለች።»

ሞዴል ይህን ቅጽል ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ዩኒፎርሟ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ካልሲዋ የነጣ፣ ከጸጉሯ አንዲት ዘለላ የማታመልጥ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የቁልፌ የልብ ጓደኛ ነበረች። ነበረች ማለት ይሻላል፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ያደረገችው ነገር በጓደኛ አይደረግማ።

ነገሩ የጀመረው አንድ የፊልም ድርጅት ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር ባወጣ ጊዜ ነው። አንደኛ የወጣው ድርሰት ፊልም ይሆናል። ጸሐፊው ደግሞ በድርጅቱ የጸሐፊዎች ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ይሰጠዋል፤ በየቅዳሜው፣ ለሁለት ዓመት፣ ፊልም ጽፈው ከሚያድሩ ሰዎች ጎን ቁጭ ብሎ ሥራውን ይማራል። አንድ ወንበር ብቻ። ቁልፌ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የምትፈልገው ይኼንኑ ነበር፤ መኖሩን ግን አታውቅም ነበር።

ጻፈች። ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው የጻፈችው፤ ሌላ ምን ታውቃለች? ከመጨረሻው ትዕይንት በቀር ሁሉንም በእጅ ጽፋ ጨረሰች። የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ቀድዳዋለች። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም፣ ሞዴል ቤት አለ። «አምጪው፣ እኔ እተይብልሻለሁ። መጨረሻውን ስታደርሺ እንጨምረዋለን» አለቻት ሞዴል። ተየበችው። መጨረሻውን ከራሷ ቀጠለችበት፣ ሽፋኑ ላይ የራሷን ስም ጻፈችበት፣ ላከችው፣ አሸነፈች። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ስሟን ሲጠሩ ዓይኗን በጨው አጥባ ወጣች፤ ተጨበጨበላት። ቁልፌ ሰልፉ መሃል ቆማ ጆሮዋ ጭው አለ።

«ሁለት ስም አይቀበሉም እኮ» አለቻት ሞዴል በዕረፍት ሰዓት፣ ክንዷን ጨብጣ። «ደግሞ መጨረሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሰው ፊት መናገር ትፈሪያለሽ። እኔ ልግባና ቀስ ብዬ አስገባሻለሁ፤ እናቴ ትሙት!» በእጅ የተጻፈው የት እንዳለ ስትጠየቅ ግን «ውይ፣ ጠፋብኝ!» አለች።

«ይሁን» አለች ቁልፌ። ፈገግም አለች። ውስጧ ግን ቂሙን ቋጠረች፤ እንዳይፈታ ደግሞ ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ለመምህር ብትናገር በተዘጋ ቢሮ ውስጥ «ተቃቀፉና ታረቁ» ተብለው እንደሚሸኙ ታውቃለች። ይኼ አይበቃትም። የተሰረቀችው በሰው ፊት፣ በጭብጨባ ነው፤ ሞዴልም ስትዋረድ ሰው ማየት አለበት። ብድሯን ሳትመልስ እንደማትተወው ለራሷ ማለች።

ስለዚህ አሁን፣ ሞዴል የ«ለምን» መልስ ፍለጋ የቁልፌን እናት ስፌት ቤት ደጃፍ ስትረግጥ፣ ቁልፌ መልሱን ካዘጋጀች ሰንብታለች።

«ሌባ ናት» አለች ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች። «ከደንበኞቿ ጨርቅ ትቆርጥና ትደብቃለች። ልትሸጠው።»

«ዋው!» ሞዴል ዓይኗ በራ። «ሌባ! ይኼ እኮ ፊልሙን ከፍ ያደርገዋል! እንዴት እስካሁን አልነገርሽኝም? አራዳ ነሽ እኮ!» ጽፋ ጨረሰችና ጉንጯን ስማት ወጣች።

ቁልፌ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ድርሰቱ ውስጥ ሌባ የለም። ሞዴል ይኼን መልስ ይዛ ያቺ ገምጋሚ ፊት ስትቆም፣ ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው የማይገጥም ነገር ይዛ ትቆማለች። ያን ጊዜ ምን ትዪ ይሆን፣ ሞዴልዬ!

ሞዴል መንገዱን ስትሻገር ጸሐዩ ጉርድ ቀሚሷ ላይ አረፈ። ከታች፣ ከጫፉ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን የሄደ ቀጭን መስመር ይታያል። የድሮው እጥፋት መስመር ነው። ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ማንም ልብ አይለውም።

እውነተኛው ምክንያት ያ መስመር ነው። የቁልፌ እናት የተማሪ ዩኒፎርም ስትቆርጥ ከእያንዳንዱ ልጅ ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ አትጥልም። የልጁን ስም በወረቀት ጽፋ በስፒል ትሰካበትና ከመኪናው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ትደብቀዋለች። ዓመት አልፎ ልጁ ሲመዘዝ፣ ወላጅ አዲስ መግዣ አጥቶ «እስቲ ትንሽ ረዘም አድርጊልኝ» ብሎ ሲመጣ፣ እጥፋቱን ፈትታ ታወርድና ቁራጩን በውስጥ በኩል ትቀጥልበታለች። «እጥፋቱ ውስጥ ጨርቅ ትቼ ነበር፤ ምንም አልጨመርኩም» ብላ ትመልስላቸዋለች። የእጥፋቱ ጨርቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ውሸቷን ነው። ሳጥኑን የምትደብቀውም ሰዎቹ ካዩት «ችግራችንን ገና ሳይመጣ አይታብን ነበር ማለት ነው» ብለው እንዳያፍሩ ነው።

ባለፈው ዓመት የሞዴል አባት ከሥራ ተሰናበቱ። በአዲሱ ዓመት መግቢያ ላይ የሞዴል እናት ጉርዱን በፌስታል ይዛ መጣች። ቁራጩን ከሳጥኑ ፈልጋ ያወጣችው ቁልፌ ናት። ሞዴል እስከ ዛሬ እጥፋቱ ውስጥ ጨርቅ እንደነበረ ነው የምታውቀው። የፊልሙ ሐሳብ ለቁልፌ የመጣላት በዚያ ቀን ነው፤ በልኬት ደብተሩ ላይ ወዲያው ጻፈችው።

ደብተሩ የእናቷ ነው። ከፊት ጀምሮ የደንበኞች የደረት፣ የወገብና የርዝመት ቁጥር ይጻፍበታል። ከኋላ ጀምሮ ደግሞ ቁልፌ፣ ሰዎች ሲለኩ የሚያወሩትን ትጽፍበታለች። ክንዱን ዘርግቶ የሚለካ ሰው አፉ አያርፍም፤ የባሏን ማኩረፍ ያላወራች፣ የአለቃውን ክፋት ያልዘረገፈ የለም። ንግግር መጻፍ የተማረችው ከዚያ ነው። ከፊት የመጣው ቁጥርና ከኋላ የመጣው ወሬ መሃል ላይ አንድ ቅጠል ላይ ተገናኙ። በአንደኛው ገጽ የሞዴል ሙሉ ስም፣ ቀኑ፣ «ርዝመት ስድሳ ሁለት፣ አራት ጣት ተቀጠለ»። በዚያው ቅጠል ጀርባ የልብስ ሰፊዋ ታሪክ የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ በቁልፌ እጅ።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ቁልፌ ቅዳሜን በጣቷ ቆጠረች።

ንባቡ በድርጅቱ አዳራሽ ነበር። መቶ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ተዋንያን፣ ስድስት ብርጭቆ ውሃ። ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሳችሁ ኑ ተብለዋል። ቁልፌ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ያልጠበቀችው እናቷን ነው። የሞዴል እናት ጋብዛት ኖሮ ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ ሜትሩን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ።

«የጓደኛሽ ቀን አይደል? እንዴት እቀራለሁ!» አለች እናቷ እያለከለከች። ቁልፌ ደብተሩ ያለበትን ቦርሳ ወደ ጭኗ ሳበች።

ሞዴል ፊት ወንበር ላይ ናት። ከጎኗ ገምጋሚዋ፤ መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ተማሪዎቹ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሲነበብ ወረቀት አታይም፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሕጓ አንድ ነው፤ ጸሐፊው እስከ መጨረሻ አፉን ይዞ ይቀመጣል፣ ንባቡ ሲያልቅ ለጥያቄ ይነሳል። «ፊልም ቤት ገብታችሁ ተመልካቹ ጆሮ ላይ ልታብራሩለት ነው? በሉ ስሙ!» ትላለች።

ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በነጭ ወረቀት የታተሙ ናቸው፤ የቁልፌ ቃላት። ተዋናይቷ «ትከሻሽን ልቀቂው የኔ ልጅ፣ የማን ሸክም ነው የተሸከምሽው?» ስትል አዳራሹ ሳቀ። የቁልፌ እናት ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቀች።

«ቁልፌ!» አለች በክርኗ ጎሸም አድርጋት። «ይኼ የኔ ንግግር ነው እኮ! ጓደኛሽ ስትመጣ ሰምታኝ ነው? አይ ልጅ!»

ቁልፌ ፈገግ አለችላት። ጥሩ። ሳቂ እማዬ። ቆይ ብቻ።

ከዚያ ተዋንያኑ ወደ ሮዝ ወረቀቶች ገለበጡ። በድርጅቱ አሠራር የተለወጠ ገጽ በሌላ ቀለም ወረቀት ይታተማል። ሞዴል «ሌባ ናት» ስትላቸው የድርጅቱ ጸሐፊዎች በዚያ ምክንያት አምስት ትዕይንት አስተካክለዋል። ቁልፌ ይኼን አላሰበችውም ነበር። ሞዴል ስትሳሳት እንጂ ስህተቷ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በተዋናይ አፍ ሲነበብ አልታያትም።

«ሌባ! የልጆች ጨርቅ የምትሰርቂ!» አለ የደንበኛውን ቦታ የያዘው ተዋናይ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ስንት ዓመት በየዋህ ፊትሽ አታለልሽን!» ልብስ ሰፊዋ ሳጥኗን አቅፋ ስትለማመጥ፣ ሳጥኑ ሲገለበጥባት፣ ሰፈሩ ሲሰበሰብባት፣ አዳራሹ ይስቃል። ተዋናይቷ ጥሩ አድርጋ ነው የምትለማመጠው።

የቁልፌ እናት አልሳቀችም። ሜትሩን ቀስ ብላ ከአንገቷ አወረደች፤ ጠቅልላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጣቶቿ፣ መርፌ የጠቀጠቃቸው እነዚያ ጣቶች፣ ቦርሳው ሥር ተደበቁ።

«ከመኪና ሥር ያለ ሳጥን…» አለች በሹክሹክታ። «ቁልፌ፣ እኔ ነኝ እንዴ? ሰዉ እንዲህ ነው የሚያስበኝ?»

ቁልፌ ከእናቷ ዓይኗን አሸሸች። እናቷን ሌባ ያለቻት ሞዴል አይደለችም፤ ቁልፌ ራሷ ናት። ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ እየሳቀች፣ በገዛ አፏ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። ይኼ ሁሉ የማን ጦስ ነው? ያቺ ፊት ወንበር ላይ እግሯን አጣምራ የተቀመጠችው!

ንባቡ አለቀ። እትዬ ለምን ዓይኗን ገለጠች።

«ተነሺ፣ ጸሐፊዋ» አለች። «አንድ ነገር አልገባኝም። ነጩ ገጽ ላይ፣ በየቁራጩ የልጅ ስም በስፒል ተሰክቷል። ሮዙ ላይ ሴትየዋ ሌባ ናት። ሌባ በሰረቀው ዕቃ ላይ የባለቤቱን ስም ይለጥፋል? ለምን?»

ሞዴል ተነሳች። «እ… እንዳይምታታባት።»

«የምትሸጠው ነገር ቢምታታ ምን ቸገራት?»

«እ… ማለት…» ከኋላ አንዱ ተማሪ «ደረሰኝ ልትቆርጥ ነው!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሞዴል አንገቷ ድረስ ቀላች። ዞር ብላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁልፌን ፈለገች። ዓይኗ ይለምናል።

ይቺን ሰዓት ነበር ቁልፌ ስድስት ሳምንት የጠበቀችው። ተነሳች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቅጠሉ ራሱ ተገለጠ፣ ብዙ ጊዜ ገልጣዋለችና። የሞዴል ሙሉ ስም። ቀኑ። አራት ጣት ተቀጠለ። አሁን ጮክ ብላ ብታነበው ወንበሩም የሷ ነው፤ ሞዴልም ከነዚያ የነጡ ካልሲዎቿ ጋር ታልቃለች። ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጉርዷን እያየ ይሳሳቃል። ይሳሳቅ! አልተጨበጨበላትም?

ደብተሩ ላይ አንድ መዳፍ አረፈ። እናቷ ገጹን አይታዋለች።

«ቁልፌ» አለች፣ ቁልፌ ብቻ እንድትሰማት። «የሰው ልኬት ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። ማለትም አያስፈልጋትም። በዚያች ሱቅ ሕግ የአንዱ ልኬት ለሌላው አይነገርም፤ የወፈረም የከሳም፣ የተጨመረለትም የተቀነሰለትም። ቁልፌ ይኼን ሕግ የሰማችው መርፌ ከመያዟ በፊት ነው። እናቷ ስለ ሌብነቱ ወሬ ዓይኗ ገና እንባ እንዳቀረረ ነው፤ እሱን ለማጥራት ያቺን ገጽ ማስነበብ ይበቃ ነበር። እጇን ግን አላነሳችም።

ቁልፌ ጥርሷን ነከሰች። ደብተሩን አጠፈችና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ልብስ ሰፊዋ ሌባ አይደለችም» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች፣ ሞዴል ያለችው ውሸት አልነበረም። «ስሙን የምትሰካው ልጁ ሲያድግ ልትቀጥልለት ነው። ወላጆቹ እንዳያፍሩ፣ ‹እጥፋቱ ውስጥ ጨርቅ ነበር› ብላ ትዋሻቸዋለች። ሳጥኑን የምትደብቀውም ለዚህ ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አንዲት ልጅ ቀሚሷን ገልብጣ ቅጥሉን ታያለች። ምንም አትናገርም። እዚያ ያልቃል። ሌባ ናት ብዬ ሞዴልን የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ ድርሰቱን ወስዳብኝ ስለነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ቁልፌ ዞረ። ሞዴል መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ እጇ ሳታዘው ወደ ታች ወረደ፤ የጉርዷን ጫፍ በሁለት ጣት ያዘች፣ ከውስጥ ያለውን ስፌት ዳበሰችው። ፊቷ ተለዋወጠ። አዳራሹ ውስጥ ያንን ያዩት ቁልፌና እናቷ ብቻ ናቸው።

«ማስረጃ አለሽ?» አለች እትዬ ለምን።

ቁልፌ እናቷ ጭን ላይ ያለውን ደብተር አየችው። «የማሳየው የለኝም» አለች።

«እንግዲያው ወዲህ ነይ። አንቺም ነይ፣ ባለ ሽልማቷ።» ገምጋሚዋ ሁለት ባዶ ወረቀትና ሁለት እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ጣል ጣል አደረገች። «ያንን የመጨረሻ ትዕይንት ጻፉልኝ። ሃያ ደቂቃ። የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ።»

ሞዴል እርሳሱን አነሳች፤ ወረቀቱን አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። አንድ እጇ አሁንም ጉርዷ ላይ ነው።

«እኔ…» አለች ቀስ ብላ። «መጨረሻውን አላውቀውም። የኔ አይደለም።»

ቁልፌ ቀና ብላ አየቻት። አላዘነችላትም። ሰኞ ወሬው ትምህርት ቤቱን ሲያዳርስ ጣቷን አታነሳላትም፤ የድሮው ወዳጅነትም አይመለስም። የሠራችው ሥራ የራሷ ነው፣ ትሸከመው። የጉርዱ ነገር ግን ሌላ ነው።

ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። ክፍል፤ መስኮት፤ የተተኮሰ ቀሚስ። ልጅቷ ቀሚሱን ትገለብጣለች። ሳጥኑ ተከፍቶ ይታያል፣ ባዶ ስፒል፣ አጠገቡ አንዲት ወረቀት።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?» አለች እትዬ ለምን ከትከሻዋ በላይ እያነበበች። «ለልጅቷ ስም አልሰጠሻትም። ለምን?»

ቁልፌ መልስ ሳትሰጥ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ወረቀቱ ተገልብጧል። ካሜራው ስሙን አያሳይም።»

ከዚያ ወደ ገጹ አናት ተመለሰችና፣ እርሳሱን ጫን አድርጋ፣ «ድርሰት» ከሚል ቃል ጋር የራሷን ሙሉ ስም ጻፈች።